ያልሠራሁት ሙቀት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ከእንግዲህ የመግቢያ ሰዓት የማይፈርም ሰው ሰዓት ምን ያደርግለታል ብዬ አልጠየቅሁም፤ እጅ ነሥቼ ተቀበልሁና ተቀመጥሁ። በአዳራሹ ለስላሳ ተከፍቷል፣ ዳቦ ተቆርሷል፣ የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ዐይኗን ትጠርጋለች። ሁሉም ስለ እኔ ደግ ደጉን እያወራ ነበርና ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የጋራዡ ኃላፊ ስንዱ ልትናገር ስትነሣ ግን ሰው ሁሉ ብርጭቆውን አስቀምጦ ጸጥ አለ። እኔ ተነሥቼ ሳመሰግን እንዲህ ጸጥ ብለው ነበር ወይ ብዬ አሰብሁ። በገዛ መሸኛዬ ላይ ቀናሁ ማለት ነው።

ስንዱ ወረቀት አልያዘችም። «ጋሼ ይርጋ የሠራውን ሁሉ ብዘረዝር አይመሽም ወይ» ብላ ፈገግ አለች፤ «አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። አያ ባየ የሚባል ሹፌር ነበረን። በዚያች በሚነዳት ፒካፕ ምክንያት በእኔም በእሱም ብዙ ደርሷል፤ እሱን ዛሬ አላነሣም። ከዚያ በፊት ግን ጋሼ ይርጋ ማንም ሳያዘው የመኪናዋን ማሞቂያ አስተካክሎ የዚያን ሰው እግር ከደባርቅ መንገድ ብርድ አድኖት ነበር። ሳይታዘዙ ለሰው ማሰብን እኔ የተማርሁት ያን ጊዜ ነው።»

አጨበጨቡ። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ አብሬ አጨበጨብሁ። ያንን ማሞቂያ በሕይወቴ ነክቼው አላውቅም።

ይህን የምጽፈው ስለዚያ ጭብጨባ ነው። ስለ ደመወዙና ስለ ዕድገቱ፣ በየጊዜው ስለ ተለዋወጡት አለቆች ብዙ ማለት አልፈልግም። አንዱ አለቃ መኪና ከታጠበ ተጠገነ ብሎ የሚያምን ነበር፤ ሌላው ደግሞ የፍሬን ዘይት ለመጠየቅ በሦስት ቅጂ ደብዳቤ ያስጽፈን ነበር። አንድ ዓመት ተኩል ትክል ድንጋይ ተመድቤ በአንድ መፍቻና በሁለት ጉጠት የወረዳ መኪና ሁሉ አንቀሳቅሻለሁ። የቀረውን ዘመኔን የፈጀሁት ግን ጎንደር፣ በአዘዞ መንገድ ባለው የመሥሪያ ቤታችን ጋራዥ ነው። የከብት ክትባት ወደ ገጠር የሚያደርሱትን መኪኖች የምንጠግነው እኛ ነበርን።

ሥራውን ያስተማረኝ አያ ደምሌ ነው። አያ ደምሌ አቋቋም ሊማር በወጣትነቱ ከአርማጭሆ የመጣ ነበር። ከማሕሌቱ ወደ ሞተሩ እንዴት እንደ ተሻገረ ስንጠይቀው «ሁለቱም ጆሮ ነው» ብሎ ያልፈናል። የክንድ ርዝመት ያላት ጥቁር የላስቲክ ቱቦ ነበረችው። አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ ይደግንና ሌላውን ጫፍ በሞተሩ ዙሪያ ቀስ እያለ ያዞራል። እስኪጨርስ ማንም ሰው መፍቻ እንዲያነሣ አይፈቅድም። ጣቶቹ ኮፈኑ ላይ ምቱን ይቆጥራሉ፤ አንዷ ምት ከጎደለች ጣቱ አየር ላይ ይቀራል።

ከሻይ ቤት ያመጣት ብርጭቆም ነበረችው። ሚኒሞ የምንለው፣ መኪናው ቆሞ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በራሱ የሚዞርበት ዝግታ ነው። አያ ደምሌ ሚኒሞ የሚፈትነው ብርጭቆዋን ግማሽ ውኃ ሞልቶ ሞተሩ ላይ በማስቀመጥ ነበር። ውኃው ከተንጠባጠበ «ገና ነው» ይላል። ከረጋ «ይሂድ» ይላል። በጣም ሲደሰት ብቻ «ሸጋ» ይላል። ይቺን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት እንደ ጠበቅሁ እኔና ፈጣሪ እናውቃለን።

ከልማዶቹ ሁሉ ልዩ የነበረው ግን ሹፌሮችን የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ምን ተበላሸብህ አይልም። «ምን ተሻለኽ?» ይላል። አዲስ ሹፌር ይስቃል፤ የሚቀልድበት ይመስለዋል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ስቄያለሁ።

አንድ ቀን አንድ ሹፌር «ኧረ ምንም አልተሻለኝ አያ ደምሌ፤ ብቻ ፍሬኔ ለስልሶልኛል፣ እግሬን አያደክመኝም» አለው። አያ ደምሌ ያን ሰው ከመሪው ላይ እጁን ይዞ አወረደው። ከሥር ስንገባ የፍሬኑ ዘይት ወደ ጎማው እየፈሰሰ አገኘነው። በዚያው ወደ ዛሪማ ቁልቁለት ቢሄድ ኖሮ አይተርፍም ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «የተበላሸውንማ ሳትጠይቀውም ያወራልኻል» አለኝ። «የተሻለውን ግን ደስ ብሎት ዝም ይላል። ማንም ሳይነካው የተሻለ ነገር ካለ፣ ይርጋ፣ እሱን ፈልግ።» ይህን ትምህርት እንደ ስሜ አውቀው ነበር። አላውቅም ነበር ብዬ ማምለጥ አልችልም።

ስንዱ የመጣችው እኔ የአያ ደምሌ ቀኝ እጅ ነኝ ብዬ በማምንበት ጊዜ ነው። ከቴክኒክ ኮሌጅ የወጣች፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠፍራ የምታስር ሴት ናት። አያ ደምሌ በመጣች በሦስተኛው ቀን ቱቦዋን ሰጣትና «ስሚ» አላት። ለእኔ ያቺን ቱቦ ለማስነካት ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል! ሰማችና ሞተሩ የቱ ጋ እንደሚያንኳኳ በጣቷ አሳየችው። ፈታነው፤ እዚያው ነበር። አያ ደምሌ ምሳ ሲበላ ድንቹን ቆርሶ ሰጣት። ለሌላው ሰው ድንች ነው። እኔ ግን ያን ድንች እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ጆሮዋ ተፈጥሮ ነበር። የእኔ ደግሞ ልፋት ነው። እኔ ሰምቼ፣ ተጠራጥሬ፣ ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ እንደገና ሰምቼ የምደርስበትን እሷ ቆማ ታውቀዋለች። ከዚያም አትኮራም። ብትኮራ እንዴት ደስ ባለኝ! ቢያንስ ስሟን በክፉ የማነሣበት ነገር አገኝ ነበር። «ጋሼ ይርጋ፣ አንተስ ምን ሰማህ?» ትለኛለች፤ ያ ደግሞ ይብስብኛል።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። በግንቦት መጨረሻ አያ ባየ ያችን ቤንዚን ፒካፕ ይዞ ከደባርቅ ተመለሰ። የኮሶዬ ሰው ነው፤ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፤ በዚያ መንገድ ላይ የማያውቀው ጉድጓድ የለም። «ማኪናዪቱ ስቆም ትንቀጠቀጥብኛለች፤ ለመጥፋት ትደርስና መልሳ ትጮኻለች» አለ። ሚኒሞዋ አልረጋ ብሏል ማለት ነው። አያ ደምሌ ለእኔ ሰጠኝ። ካርቡራተሩን አውርጄ አጠብሁ። ካንዴላዎቹን ለወጥሁ። የሚኒሞውን ብሎን ከፍ ዝቅ አደረግሁ። ጠዋት ላይ ትረጋልኛለች፤ ሲሞቃት ወደ መንቀጥቀጧ ትመለሳለች። ሁለት ቀን ሙሉ የአያ ደምሌ ብርጭቆ ውኃዋን ስትደፋ ዋለች።

በሦስተኛው ቀን ስንዱ እጇን በመሐረብ ጠራርጋ «ልስማ?» አለች። እንቢ ማለት አልችልም፤ አያ ደምሌ ቆሟል። ቱቦዋን ይዛ ከሞተሩ ኋላ፣ ከጋቢናው ግድግዳ ጋር ወደሚጠጋው ጥግ ሄደች። እዚያ ለሞተሩ አየር የምትስብ ጣት የማታክል የላስቲክ ቱቦ አለች። ስትቀዘቅዝ ደኅና ናት፤ ሲሞቃት ግን ከሥሯ ስንጥቋ ተከፍቶ ያልተፈለገ አየር ታስገባለች። ስንዱ ጣቷን ስንጥቁ ላይ ስትጭነው ሞተሩ ረጋ። ያቺን የተሰነጠቀች ቱቦ በአዲስ ቀየረች። አያ ደምሌ ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ ውኃው ዝም አለ።

«ሸጋ ጆሮ» አላት።

መፍቻዎቼን እያንኳኳሁ ወደ ሳጥኔ መለስሁ።

ስንዱ ግን አልጨረሰችም። ጎንበስ አለችና «ጋሼ ይርጋ፣ ከሥር ደግሞ ሌላ ድምፅ አለ። ጠዋት ስትነሣ ጥ፣ ጥ፣ ጥ ይላል፤ ሲሞቅ ይጠፋል። ከጭስ ማውጫው መሰለኝ። እስቲ እየው» አለችኝ። ሞተሩን እሷ ስለ ያዘችው የመኪናዋን ሥር ማየት የእኔ ነበር። ጀርባዬን መሬት ላይ አድርጌ ገባሁ።

ትክክል ነበረች። ከሞተሩ ወርዶ ወደ ኋላ የሚሄደው ጭስ ማውጫ፣ በሹፌሩ ወንበር ልክ ላይ በሽቦ የተሸረበ ተጣጣፊ ቱቦ አለው። ሽቦው ተበልቷል። ከመጋጠሚያው ጭስ ያፈስሳል። መቀየር ነበረበት፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ደግሞ መኪናዋ መቆም አለባት። ከመኪናው ሥር ተኝቼ የጫማዋን አፍንጫ አየዋለሁ። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ትክክል ልትሆን ነው። በአያ ደምሌ ፊት!

አላስቻለኝም። የሞተር ዘይት ቆርቆሮ ቆረጥሁ፣ በመጋጠሚያው ላይ ጠቀለልሁት፣ በፋሸታ፣ በብረት ማሰሪያው፣ አጥብቄ አሰርሁት። ከእንግዲህ ጠዋትም ድምፅ አይሰማም። ወጣሁና እጄን አራገፍሁ። «ምንም የለም» አልኋት። «የላላች ብረት ናት ስትንቀጠቀጥ የነበረችው።»

«እንዲያ ነው? እኔ እኮ ጭስ መስሎኝ» አለች።

«ጆሮሽ ዛሬ በዝቶበታል» አልኋት። ሳቀችና የሥራውን ወረቀት ፈርማ መኪናዋን አስረከበች።

የጠቀለልሁት ቆርቆሮ ጭሱን አላስቀረውም፤ አቅጣጫውን ብቻ ነው ያስቀየረው። የተከፈተው ጠርዙ ወደ ላይ ነበር። ከበላዩ ደግሞ የጋቢናው ወለል ዝጎ፣ ከወንበሩ ሥር የጡጫ ያህል ተበልቶ፣ በምንጣፍ ብቻ ተሸፍኖ ነበር። ስንዱ ሞተሩን አጥርታ ስለ ሠራችው ጭሱ ሽታው እምብዛም አይታወቅም። የሚታወቀው ሙቀቱ ብቻ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አያ ባየ እየሣቀ ወደ ጊቢው ገባ። ሰኔ ነው፤ ከዳባት ወዲያ ያለው ብርድ ጀምሯል። ሁላችን ባለንበት ትከሻዬን አቅፎ «ኧረ አንተ ይርጋ፣ እጅኽ ይባረክ! ወንበሬ ሥር ምን የመሰለ ሙቀት ሠራኽልኝ! ስንት ዓመት እግሬ ሲቆረጥ የኖርሁት ሰውዬ እንደ ምድጃ ዳር ተቀምጬ ነው የመጣሁት» አለኝ።

አያ ደምሌ ቀና አለ። በእጁ የነበረውን መፍቻ ዝቅ አደረገና ቀስ ብሎ ጠየቀኝ። «ማሞቂያውን ነካኸው እንዴ?»

ምን ማለት እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ያን ጊዜም አውቄዋለሁ። አልነካሁም ብል አያ ደምሌ በዚያችው ደቂቃ ከመኪናው ሥር ይገባል፤ ቆርቆሮዬን ያያል፤ የስንዱን ጆሮ ያወድሳል። ስንዱ አጠገቤ ቆማለች። ሹፌሮቹ ያያሉ። አያ ባየ ክንዱን ከትከሻዬ ላይ አላወረደም።

«አዎ» አልሁ፤ «ብርዱን ስለማውቀው ትንሽ ነካክቼዋለሁ።»

አያ ደምሌ ለአፍታ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። «ሸጋ» አለኝ።

በሥራ ዘመኔ ያገኘኋት አንዲት ሸጋ ይቺ ናት። ያን ዕለት ወደ ቤቴ የሄድሁት በእግሬ ነው፤ ታክሲ ቢጠሩኝ እንኳ አልሰማም ነበር። ባለቤቴ ምን አገኘህ ብላ ጠየቀችኝ።

በሐምሌ፣ ዝናብ በሚወርድበት ቀን፣ አያ ባየ ክትባትና አንድ የከብት ሐኪም ጭኖ ወጣ። መስኮቱን ዘግተዋል፤ ሐኪሙ እጁን ከወንበሩ ሥር ወደሚመጣው ሙቀት ዘርግቶ ነበር አሉ። ኮሶዬ ሲደርሱ ሁለቱም ራሳቸውን አመማቸው፤ ከብርዱ ነው ብለው አለፉ። አምባ ጊዮርጊስ ሳይደርሱ መኪናዋ ቀስ ብላ ከመንገድ ወጥታ፣ ድንጋይ ጠርጋ፣ የገብስ ማሳ ውስጥ ገብታ ቆመች። ገበሬዎች ሮጠው ሲከፍቱ ሁለቱም እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሰው ተደግፈዋል። ጎትተው ዝናቡ ላይ አወጧቸው፤ ያ ነው ያተረፋቸው። ሞተሩ አልጠፋም ነበር አሉ። ሚኒሞው ልክ ነበር።

ሐኪሙ በሳምንቱ ተሻለው። አያ ባየ ግን ከሆስፒታል ሲወጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ስም የሚጠፋበት ሰው ሆኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ መሪ አልጨበጠም። ኮሶዬ ወደ እርሻው ተመለሰ።

መኪናዋን ለመጎተት የተላክሁት እኔ ነኝ። ጭስ ማውጫው በድንጋዩ ተገንጥሏል። ቆርቆሮዬ ገብሱ ውስጥ ወድቃ አገኘኋት። ሌላው ሰው ገመድ ሲያስር ኪሴ ከተትኋት።

ነገሩን የሚያጣሩ ሦስት ሰዎች ተሰየሙ። የመጨረሻው የሥራ ወረቀት ላይ ያለው የስንዱ ፊርማ ነው። «ከሥር ድምፅ ሰምቼ ነበር» አለች። ማን አየው አሏት። «ጋሼ ይርጋ አይቶታል።» ወደ እኔ ዞሩ። «አይቼዋለሁ፤ ምንም አልነበረውም» አልሁ። አያ ደምሌ ጥግ ላይ መሬት መሬት ያይ ነበር። ስንዱ ወደ እኔ ተመለከተች፤ ቂም አልነበረባትም። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል የሚል ፊት ነበር። የተጠራጠረችውን መኪና አስወጥታለች ብለው ዛሪማ ወዳለው ቅርንጫፍ አዛወሯት። ሁለት ዓመት ቆየች። ትንሽ ልጇን እናቷ ዘንድ ትታ ነው የሄደችው፤ ስትመለስ ልጅቱ «ስንዱ» እያለች ነበር የምትጠራት።

የሄደች ዕለት አያ ደምሌ መናኸሪያ ድረስ ሸኛት። እኔ ከኋላ ተከትዬ ከአንድ ሱቅ ጥግ ቆሜ አየሁ። ቱቦዋን ከኮቱ ውስጥ አውጥቶ ሰጣት፤ እጁን አናቷ ላይ አድርጎ መረቃት፤ በዙሪያው የቆመው መንገደኛ ሁሉ አሜን አለ። እኔ አፌን አልከፈትሁም። ያስቀጣኋት እኔ፣ የምትሰደደው እሷ፣ የምቀናውም እኔ! ቱቦዋ የእኔ ነበረች ብዬ እስከ ጊቢው ድረስ ከራሴ ጋር ስጣላ ተመለስሁ።

አያ ደምሌ ከዓመታት በኋላ ታሞ ሲተኛ ልጠይቀው ሄድሁ። ስለ ድሮ ሹፌሮች፣ ስለዚያ አጣቢ አለቃ ስናወራ ቆየንና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ይርጋ፣ ያን ማሞቂያ በእውነት ነክተኸው ነበር?» አለኝ።

«ነክቼው ነበር።»

«እንግዲያ ሸጋ» አለ። በሳምንቱ ቀበርነው።

ስንዱ ከዛሪማ ተመልሳ፣ ሠርታ፣ ከፍ ብላ ኃላፊዬ ሆነች። የተሾመች ዕለት የጊቢው ዘበኛ ሽማግሌ ሲመርቋት ሁሉም አሜን አለ፤ እኔን ግን በአሜኑ ፈንታ ሳል ይዞኝ ነበር። ኃላፊ ከሆነች በኋላ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ቱቦዋን ይዛ ከሰማች በኋላ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ትጠራለች። «እስቲ አንተም ስማ፤ የተሳሳትሁ እንደሆነ» ትላለች። የማትሳሳት ሴት! ትሕትና ነው ይላሉ። እኔም ትሕትና ነው እል ነበር።

እንግዲህ ያን ጭብጨባ ሰምቼ ከአዳራሹ ወጣሁ። ሰዓቱን አግዳሚ ወንበር ላይ ትቼ የመሣሪያ ሳጥኔን ከፈትሁ። ቆርቆሮዋ ከታች፣ ከአሮጌ ካንዴላዎች ሥር ነበረች፤ አሥራ አራት ዓመት አልጣልኋትም። ስንዱ ጊቢው ውስጥ ሻሿን እያጠበቀች ነበር። ሰጠኋት።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

ሁሉንም ነገርኋት። ድምፁን፣ ቆርቆሮውን፣ ማሞቂያውን፣ ሸጋዋን፣ ገብሱን። ለምን እንዳደረግሁትም አልደበቅሁም፤ «ቀንቼብሽ ነው» አልኋት። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። ቆርቆሮዋን ገለባበጠች፤ ጭሱ ያጠቆረውን ጠርዝ በጣቷ ነካችው።

«እንግዲያ ጭስ ነበር?» አለችኝ።

«ጭስ ነበር።»

«ልክ ነበር የሰማሁት?»

«ልክ ነበር።»

እዚያው የመኪና መርገጫ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። የሰረቅሁባት የዛሪማውን ሁለት ዓመት ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ጆሮዋን ሳታምነው ነው የኖረችው። የቀናሁበትን ያንኑ ነገር ነው የወሰድሁባት።

ዐይኗን ስትጠርግ «ለኮሚቴው ልጻፍ» አልኋት። «ሁለቱ ሞተዋል፤ ፋይሉም የት እንዳለ እንጃ» አለች። «ለአያ ባየ ንገረው። እኔ ከዛሪማ ስመላለስ አውቶቡሱ ኮሶዬ ለምሳ ሲቆም ወርጄ አላውቅም። ያየኛል ብዬ።»

ቅዳሜ ጠዋት እሷ እየነዳች ሄድን። ኮሶዬ ካፊያ ነበር። አያ ባየ ከቤቱ ደጃፍ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ባለቤቱ ጠላ በግማሽ ጣሳ ብቻ ሰጠችው፤ ከዚያ በላይ ከሞላ ይደፋበታል። እኔን ሲያይ ፊቱ በራ። «ይርጋ! እህሳ፣ እንዴት ሰነበትኽ! ስም ሁሉ ይጠፋብኛል፣ ያንተ ግን አልጠፋኝም» አለ። ስንዱን አላወቃትም። እሷም አጥሩ ጋ ቆመች።

ቁጭ ብዬ ነገርሁት። ቶሎ ቶሎ ስለማይገባው ሁለት ጊዜ ነገርሁት። ሲገባው ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ያ ሙቀት እኮ ሸጋ ነበር» አለ።

«ጭስ ነበር አያ ባየ።»

«እግሬን ብርድ በቆረጠው ቁጥር ያን ሙቀት እያስታወስሁ እመርቅኽ ነበር። በየቀኑ ነው የመረቅሁኽ!» ጋቢውን ከራሱ ላይ ገፈፈ። «ምነው ያን ዕለት አልነገርኸኝ? ወርጄ በግሬ እሄድ አልነበር?»

መልሴንም ሳይጠብቅ ወደ አጥሩ ዞረና «ይቺ ማናት?» አለ።

«ስንዱ ናት።»

ይህን ስም አልረሳውም ነበር። እየተንቀጠቀጠ ተነሣ፤ ልደግፈው ስል እጄን ገፋው። «ልጄ፣ እኔ እኮ አንቺን ነው ስረግም የኖርሁት» አለ። «የሠራችውም የፈረመችውም እሷ ናት ቢሉኝ፣ በስምሽ ለእግዜር አመልክቼብሽ ነበር። በየወሩ፣ ቤተ ስኪያን ሄጄ። ነይ ወዲህ።»

ስንዱ መጥታ ፊቱ ተንበረከከች። ሁለት የሚንቀጠቀጡ እጆቹን ሻሿ ላይ አሳረፈ። «ጆሮሽን ያቆይልሽ» አለ። «ልጅሽን ይባርክልሽ። የረገምሁሽን እሱ ይሻርልሽ፤ ለዚህኛው ስመርቅ የኖርሁትን ሁሉ ላንቺ ያድርግልሽ።»

አጠገቧ ቆሜያለሁ። ለእኔ አንድም ቃል አልቀረለትም፤ የነበረኝንም ለእሷ ሰጣት። እውነቱን እናገራለሁ ብዬ ከጀመርሁ አይቀር፣ ያን ጊዜም ቀናሁ። እንደ ድሮው ሳል ሳል አለኝ።

ሳሉን ዋጥሁና «አሜን» አልሁ። ከእሷ ይልቅ የእኔ ድምፅ ነበር የጮኸው።